ምስሉን ሳሳንሰው ነው የጎላው፦ ሚኒ ፕሮጀክተር በሱቄ መስታወት ላይ

ሀዋሳ ውስጥ፣ ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት። ፊቷ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ወደ ውስጥ አራት ሜትር ብትሆን ነው። መስታወቱ ጋ ሁለት አሻንጉሊት ቀሚስ አልብሼ ካቆምኩ ሦስተኛዋ መግቢያ ትዘጋብኛለች። ውስጥ ግን ተጣጥፎ በላስቲክ የተቀመጠ ስልሳ ሰባ ዓይነት ቀሚስ አለ። ከተማችን ደግሞ ማታ ማታ በእግሯ የምትወጣ ከተማ ናት፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰዉ ሐይቁን ብሎ ከነልጁ፣ ከነጓደኛው በሱቄ ፊት ያልፋል። ሁለቷን ቀሚስ ያያል፣ ካልጣመችው መንገዱን ይቀጥላል። ስልሳው ላስቲክ ውስጥ እንዳለ ሰው ሲያልፍ ማየት ያንገበግበኝ ነበር።

ለዚህ ብዬ የያዝኩት ሚኒ ፕሮጀክተር ነው፤ እነዚያ በአንድ እጅ የሚያዙ፣ ግማሽ ዳቦ የሚያክሉት። ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዱን አቃጥዬ ሁለተኛውን ገዝቻለሁ፤ እሱ በየምሽቱ ይሠራልኛል። የጫማ፣ የሽቶ፣ የስልክ ሱቅ ያላቸው ሰዎች እየመጡ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚነሱት ልክ እኔ ከተሳሳትኩበት ቦታ ነው፦ “ግድግዳ የሚያክል ያሳያል ወይ?” ብለው። ለዚያ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

የመጀመሪያውን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ካርቶኑ ላይ “9,800 ሉመን” እና “1080ፒ” የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ማታ ሳሎን መብራት አጥፍተን ግድግዳ ላይ ስናበራው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ምስል ወጣ፤ ልጆቹ ሲኒማ ቤት የገቡ ያህል ጨፈሩ። በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሱቅ ወስጄ ስከፍተው ምንም የለም። መዳፌን ሌንሱ ፊት ሳደርግ እጄ ላይ ቀለም ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ግን የደበዘዘ ጥላ እንጂ ቀሚስ አይታይም። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ማሽኑ ግን ደህና ነበር።

ሉመን ከማሽኑ የሚወጣው የብርሃን መጠን ነው። ማሽንን ከማሽን ለማወዳደር የሚረዳው ግን አንሲ ሉመን የሚባለው ነው፦ ነጭ ምስል ይለቀቅና ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ቦታ ይለካል፣ የዘጠኙ አማካይ ምስሉ በሚሸፍነው ሜትር ካሬ ይባዛል። ርካሽ ማሽኖች ካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር በዚህ መንገድ የተለካ አይደለም። አንሲ የሚል ቃል ከሌለበት እኔ ዛሬ ቁጥሩን ማንበብም ትቻለሁ።

ደግነቱ ልኬቱን ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አብዛኛው ስልክ ፊቱ ላይ፣ ጆሮ በምናስጠጋበት በኩል፣ የብርሃን ሴንሰር አለው፤ ሉክስ፣ ማለትም አንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን፣ የሚለካ ነጻ መተግበሪያ አውርዱ። ክፍሉን አጨልሙ። ባዶ ነጭ ፎቶ በፍላሽ ክፈቱና ምስሉን በሜትር ለክታችሁ ልክ 1 ሜትር ስፋት አድርጉት፤ ቁመቱ 56 ሴንቲ ይመጣል። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ፣ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙራችሁ፣ ከላይ ሦስት፣ ከመሃል ሦስት፣ ከታች ሦስት ቦታ አንብቡ። ደምራችሁ ለ9 አካፍሉ፣ ከዚያ በ0.56 አባዙ። የእኔ አማካይ 190 ሉክስ ነበር፤ በ0.56 ሲባዛ 106 ሉመን። የስልክ ሴንሰር እንደ ባለሙያ መሣሪያ ልክ አይደለም፣ ይስታል። ይሳት እንጂ 106ን 9,800 የሚያደርግ ስህተት የለም።

“1080ፒ” የሚለውም እንዲሁ ነው። ማሽኑ የዚያን ያህል ጥራት ያለው ፊልም ይቀበላል ማለት እንጂ ያንኑ ያሳያል ማለት አይደለም። የእኔው የራሱ ነጥቦች 854 በ480 ነበሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ “ኔቲቭ” የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ እውነተኛው እሱ ነው። ለፊልም ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ ለአማርኛ ፊደል ግን ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ሳሰፍር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ብርሃኑ ያው ነው፤ የምታዳርሱበት ስፋት ነው የሚለያየው። አንድ ጭልፋ ወጥ አንድ እንጀራ ላይ ማውጣትና አራት እንጀራ ላይ ማዳረስ እንደማለት ነው። የምስሉ ወርድ እጥፍ ሲሆን ቁመቱም አብሮ እጥፍ ይሆናል፣ የሚሸፍነው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የእኔ 106 ሉመን ሁለት ሜትር ወርድ ላይ ሲዘረጋ 47 ሉክስ ብቻ ነው። የሱቄ መብራት ራሱ ግድግዳው ላይ 300 ሉክስ ገደማ ይጥላል፤ 47ቱ እዚያ ውስጥ ሰምጦ ነው ያጣሁት። ያንኑ ምስል ወደ 70 ሴንቲ ባወርደው 385 ሉክስ ይሆናል። ማሽን ሳልቀይር፣ አንድ ብር ሳልጨምር፣ ስምንት እጥፍ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሉን ማሳነስ ያዝኩ። አሁን የማሳየው በ45 ሴንቲ ወርድና በ80 ሴንቲ ቁመት ነው፣ ቁመቱን የቆመ። ቀሚስ ቁመት ነው፤ የተጋደመ ስክሪን ላይ አንድ ቀሚስ ብታስቀምጡ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል፣ ብርሃኑም እዚያ ባዶ ላይ ይባክናል። ስለዚህ ማሽኑን በጎኑ አስተኛሁት፣ ፎቶዎቹንም አብሬ አዞርኳቸው። በጎን መተኛቱን መመሪያው ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አንብቡ፣ የአየር መውጫው እንዳይደፈንም ተጠንቀቁ። ሁለተኛው ማሽኔ በራሴ ልኬት 230 ሉመን ይሰጣል፤ በዚህ መጠን 640 ሉክስ አካባቢ ይደርሳል። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው የጥለቱን መስመር ይቆጥራል።

ቀንስ? ቀን አይሆንም። በቀጥታ የሚወርድ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው፤ ከጥላ ሥር እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ነው። ይህን የሚቋቋም ሚኒ ፕሮጀክተር የለም፤ የሚሸጥላችሁ ሰው አለ ቢል አትስሙት። ቀን ማሳየት የሚፈልግ ቴሌቪዥን ይግዛ፤ ተራ ቴሌቪዥን እንኳ በድምቀት ከእኔው ይበልጣል። ለእኔ የሚያዋጣኝ የሀዋሳ ምሽት ነው። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨልማል፤ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። ሰዉ ለሽርሽር የሚወጣውም ያኔ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል አብርቼ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋለሁ።

ምሽቱም ቢሆን ሌላ መብራት ካለ አይጨልምም። ጎረቤቴ በሩ ላይ ፓውዛ ሰቅሏል፤ ግማሹ ብርሃን የእኔ መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው። በስልኬ ስለካው 120 ሉክስ። ሄጄ፣ “ወንድሜ፣ ፓውዛህን ወደ ራስህ በር ትንሽ ብታዘነብላት?” አልኩት።

“እትዬ፣ ሌባ ፈርቼ እኮ ነው ያበራኋት።”

“በርህን ታብራልህ፤ የኔን ሱቅ ግን ሌባ ቢገባ እኔ አለሁ።”

ሳቀና መሰላል አመጣ። አራት ጣት ያህል ነው ያዘነበላት፤ 120ው ወደ 30 ወረደ። ይህ የተገኘው ያለ አንድ ሳንቲም ነው። የራሴንም ከመስታወቱ አጠገብ ያለውን አምፖል ምሽት ላይ አጠፋለሁ፤ ወደ ውስጥ ያለው በርቶ ይቆያል፤ አለበለዚያ ሰው ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ያልፋል።

አሁን ወደ መስታወቱ ልምጣ፤ ብዙ የለፋሁት እዚህ ላይ ነውና። መስታወት ራሱ ምስል አይይዝም፤ ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋል። ከውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ለማሳየት ብርሃኑን የሚይዝ፣ ግን ወዲያ ማዶም የሚያሳልፍ ነገር መሃል ላይ መግባት አለበት። እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የታየኝ ጨርቅ ነው። ነጠላ ዘረጋሁ። ከውስጥ ሳየው ደስ ሲል! ውጪ ወጥቼ ዞር ስል ግን በፈትሉ ቀዳዳ የሌንሱ ብርሃን እንደ መርፌ ዓይን ይወጋል። ገና እያየሁት አንድ ባጃጅ ድንገት ቆመ፤ ልጁ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጋርዶ፣ “እትዬ፣ ኧረ መብራቱን! መንገዱ ጠፋኝ!” አለኝ። ሮጬ ገብቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከኋላው ሕፃን የያዘች እናት ተቀምጣ ነበር። እባካችሁ፣ ማንኛውንም ነገር ከመጀመራችሁ በፊት መንገዱ ላይ ቆማችሁ፣ በሹፌር ዓይን ከፍታ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

ጋቢ ሞከርኩ፤ ብርሃኑን ዋጠው። አቡጀዲ ከሁለቱም ይሻላል፣ ነገር ግን ሽመናው ፊደሉን ያበላሸዋል። ከዚያ አንድ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ደንበኛዬ ካልክ ወረቀት፣ ያንን ንድፍ የሚገለበጥበትን ብርሃን አሳላፊ ወረቀት፣ ሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዋጋው ካልክን የሚያክል የለም፤ ለሙከራ ሌላ አትግዙ። ችግሩ እርጥበት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞገድ ሠርቶ ተጨማደደ። በመጨረሻ የረጋሁት ማስታወቂያ ቤቶች ፍሮስት በሚሉት፣ የቢሮ መስታወት ላይ በሚለጠፈው በረዶ መሳይ ስቲከር ነው። መስታወቱ ላይ ግን አልለጠፍኩትም። 50 በ85 ሴንቲ ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) አስቆርጬ እሱ ላይ አስለጠፍኩና ሁለት ቀዳዳ አስበስቼ በመንጠቆ ማታ ማታ እሰቅለዋለሁ። ቀን ይወርዳል፣ መስታወቴ ለአሻንጉሊቶቹ ይለቀቃል። ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ ይመቻል፤ ሱቅ ቢቀየር ተሸክሞት ይሄዳል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚመረት ግራጫ ፊልም አለ፤ ጥቁሩን ይበልጥ ጥቁር ያደርጋል። ካገኛችሁና አቅም ካላችሁ እሱ ይመረጣል።

ፍሮስትም ቢሆን አንድ ጠባይ አለው። ማሽኑ በዓይን ትክክል ከተቀመጠ የምስሉ መሃል ላይ ሌንሱ ያለበት ቦታ ከሌላው ደምቆ እንደ ጨረቃ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ይህን ያቃለልኩት ማሽኑን ወደ ላይ በማውጣት ነው። ከጣሪያው በታች በብረት ማንጠልጠያ አስሬ ወደ ታች አዘነበልኩት፤ የሌንሱ ቀጥታ መስመር አሁን የሚያርፈው የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው፣ ማንም ዓይን ውስጥ አይገባም። ሲያዘነብል ምስሉ ከላይ ጠቦ ከታች ይሰፋል። ኪስቶን በሚለው ማስተካከያ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ነገር ግን ኪስቶን በበዛ ቁጥር ነጥብ እየበላ ይሄዳል፣ በዙሪያውም ግራጫ ጠርዝ ይተዋል። ስለዚህ ብዙ አታዘንብሉ፤ እኔ ፕሌክሲግላሱንም ከታች በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ ግማሹን በዚያ ነው ያስተካከልኩት። ከኋላ ስለሚበራ ፊደሉ ለውጭ ሰው ተገልብጦ ይነበባል፤ ማሽኑ ሜኑ ውስጥ ምስሉን ከኋላ የሚያዞር ምርጫ አለው። ይህ ምርጫ የሌለው ማሽን ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ርቀቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ዝርዝሩ ላይ የርቀትና የወርድ ንጽጽር አለ፤ የእኔው 1.2 ነው። የምስሉ ረጅም ጎን 80 ሴንቲ ከሆነ በ1.2 ሲባዛ 96 ሴንቲ ርቀት ያስፈልጋል ማለት ነው። ያን ያህል ቦታ የሌለው በመካከል መስታወት አቁሞ ብርሃኑን ሊያጥፈው ይችላል። ተራ መስታወት ግን ብሩ ከጀርባው ስለሆነ ምስሉን ደርቦ ያሳያል፤ ለፎቶ ያስኬዳል፣ ለጽሑፍ አልወደድኩትም።

የመጀመሪያው ማሽን እንዴት ተቃጠለ? ሌባ ፈርቼ አናጢ ቺፑድ ሳጥን ሠራልኝ፤ ፊት ለፊት ለሌንሱ ቀዳዳ፣ ከኋላ ለገመዱ ቀዳዳ፣ ቁልፍ። በሦስተኛው ሳምንት ከምስሉ መሃል የሻይ ነጠብጣብ የመሰለች ቢጫ ነገር ታየች። ሌንሱን በጨርቅ ጠረግሁ፤ አልለቀቀም። በየቀኑ ሰፋች፣ ነጩ ቀሚስ ሁሉ ሆዱ ላይ የተነከረ መሰለ። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ፈትቶ አሳየኝ። ኤልሲዲ የሚባሉት ርካሾቹ ማሽኖች ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፍባት ስስ ፊልም አለች፤ ሙቀት ሲበዛባት ትቃጠላለች። ፋኑ የሚያወጣው ትኩስ አየር ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ እየገባ ነበር። ሁለተኛው ማሽን ሳጥን የለውም፤ ሁለት ብሎን የያዘው ክፍት ብረት ብቻ ነው፣ በሁሉም በኩል አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለው። ሱቅ ስዘጋ አውርጄ ወደ ቤት እወስደዋለሁ፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም።

ሁለተኛው ዲኤልፒ የሚባለው ዓይነት ነው። ቺፑ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መስታወቶች ተደርድረው እያንዳንዳቸው እየተገለባበጡ ምስሉን ይሠራሉ፤ ቺፑን በ1987 የፈለሰፈው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለሙያው ላሪ ሆርንቤክ ነው። ለባለ ሱቅ ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ጥቁሩ ከርካሹ ኤልሲዲ ይሻላል፣ የውስጥ ክፍሉም በአብዛኛው የተዘጋ ስለሆነ አቧራ ቶሎ አይገባበትም። በበጋ የሀዋሳን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ማሽን ውስጥ የገባች አንዲት ብናኝ መስታወቱ ላይ የሽምብራ ፍሬ አክላ ትታይ ነበር። ፊልተሩን በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጭበታል።

መብራት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ለእኛ አገር ግን ከሉመን እኩል የሚታይ ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያው ማሽን ሜኑ ላይ ቆሞ ሪሞት ይጠብቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሙሽራ እናት እያስለካሁ ሳለ ጠፍቶ መጣ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውጪ የሚታየው ቀሚስ ሳይሆን የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነበር። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ይህን ፈትኑ፦ ፍላሽ ሰክታችሁ ምስል እየታየ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። በራሱ ተነስቶ ምስሉን ካልቀጠለ ተዉት። ሁለተኛው ይህን ስለሚያደርግ ነው የመረጥኩት። በስታብላይዘር ነው የማበራው፤ ዲቫይደሩንም ከካውያው ጋር አላጋራውም። ፍጆታው ትንሽ ነው፦ 60 ዋት ለ3 ሰዓት፣ በ30 ቀን 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ምን ላሳይ የሚለው ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ሸማኔ ሲሸምን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቅሁ። ልጆች ተሰበሰቡ፣ ትልልቆችም ቆሙ፣ በሬ ተዘጋ፣ ሊገዙ የመጡ ሁለት እህትማማቾች መግቢያ አጥተው ሲመለሱ በዓይኔ አየሁ። ቪዲዮውን በማግስቱ አወረድኩት። አሁን የማሳየው የቆመ ፎቶ ነው፣ አንዱ 5 ሴኮንድ። የሚራመድ ሰው በሱቄ ፊት ለማለፍ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀሚስና አንድ ዋጋ ካየ በቃው።

ጀርባው ጥቁር ይሁን። ነጭ ጀርባ ላይ ነጭ ቀሚስ ባስቀምጥ መስታወቱ ላይ የሚታየው ብሩህ አራት ማዕዘን ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ዘርግቼ ፎቶ ሳነሳው ግን ጠርዙ ይጠፋና ቀሚሱ ብቻውን ጨለማው ላይ ቆሞ ይታያል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገድ ማዶ ያየሁ ማታ ለደቂቃዎች ቆሜ ቀረሁ። የመነን ቀሚስ ነበረች፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያላት፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስል ነበር።

ፊደል፦ የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ እግርና ቀንድ ላይ ነው። “ለ”ን ከ“ሉ”፣ “በ”ን ከ“ቡ” የሚለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ጥራቱ ዝቅተኛ ማሽን ላይ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው ናት። “ሙሉ ጥልፍ” ብዬ የጻፍኩት ከማዶ የቀለም ጠብታ ነበር የሚመስለው። ቀጫጭን መስመር ያለው ፊደል ተዉ፤ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በወፍራሙ ነው የምጠቀመው፣ ቁመቱን 7 ሴንቲ አድርጌ። በአንድ ገጽ ከሦስት ቃል በላይ አልጽፍም። ጽሑፉን ስልክ ላይ ከሠራችሁ በኋላ እንደ ፎቶ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፋይሉን እንዳለ ወደ ማሽኑ ከወሰዳችሁ የአማርኛ ፊደሉን ላያውቀው ይችላል፣ ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚወጣው። ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ የእንኳን አደረሳችሁ ገጹን በሲዳምኛም አስጽፌ እጨምራለሁ፤ ጽሑፉን የሚያርምልኝ ቋንቋው አፍ የፈታበት ሰው ነው።

ቀለሙን ከልብሱ ጋር አስተያዩ። አንዲት ልጅ የወርቅማ ጥለቱን አይታ ገባች፤ ሳወጣላት ደማቅ ቢጫ ሆነባት፣ ቅር ብሏት ወጣች። ማሽኑ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ይጎትት ስለነበር እኔ ፎቶውን በቢጫ አብዝቼው ነበር። አሁን ልብሱን ከመስታወቱ ጎን ይዤ ካላመሳሰልኩ ፎቶ አልጨምርም። የደንበኛ ፎቶ ከሆነም ሳልጠይቅ አላሳይም፤ እሺ ያሉኝ ሙሽሮች አሉ፣ እምቢ ያለችም አለች። ብርሃኑ ደግሞ የራሴ መስታወት ላይ ነው የሚቀረው። አስፋልት ወይም የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ልጣል የሚል አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ዋጋ መጻፉ ላይ ብዙ ተከራክረውኛል። በባህል ልብስ ዋጋ አይለጠፍም፤ መከራከር ልማዳችን ነው። እኔ ግን የጻፍኩባቸው ምሽቶች ላይ የሚገባው ሰው ሌላ ዓይነት መሆኑን አየሁ። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍሩ፣ “ውድ ይሆናል” ብለው የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ደብተሬ ላይ “በመስታወቱ አይቼ ነው” ያለኝን ሰው ሁሉ በጭረት እመዘግባለሁ። ዋጋ ያልነበረበት ሳምንት አራት ጭረት ነበረው፤ በቀጣዩ፣ ዋጋ በጻፍኩበት፣ አሥራ አንድ ሆነ። ሁሉም አልገዛም፤ ግን ስልሳው ቀሚስ ከላስቲክ ወጥቶ ታየ። አንዲት እናት ከገብርኤል ሲመለሱ ጎራ ብለው፣ “ልጄ፣ ያቺ እያበራች የምትጠፋዋን፣ አረንጓዴ መቀነት ያላትን አውጪልኝ” አሉኝ። ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛች ቀሚስ ነበረች።

ስንት ያወጣል ለሚለኝ፣ ዋጋው ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ስለማይረጋ ብር አልጽፍም። የእኔ ተሞክሮ ግን ይህ ነው፦ ለማሽኑ ከያዛችሁት ገንዘብ ለስቲከሩ፣ ለፕሌክሲግላሱና ለማንጠልጠያው የሚሆነውን ቀድማችሁ ለዩ፤ በቀረው አንሲ ተብሎ የተጻፈ 200 ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ከኋላ የሚያዞር፣ መብራት ሲመጣ በራሱ የሚነሳ ፈልጉ። አነስ ባለ ምስል ከጀመራችሁ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ያ ማሽኔን የፈታልኝ ስልክ ጠጋኝ ለራሱ ሱቅ አስቦ መጣ። ሜትሩን ይዘን መስታወቱን ለካን፤ ሙሉውን በምስል ልሸፍን ነው የሚለው። ካልክ ወረቀት ቆርጠን ለጠፍንለት፣ የእኔን ማሽን አምጥተን መጀመሪያ በ1 ሜትር ተኩል አበራንለት፣ ቀጥሎ በ1 ሜትር፣ ቀጥሎ በ60 ሴንቲ። መንገዱን ተሻግሮ ቆመና እጁን ወደ ውስጥ እያወዛወዘ፣ “ትንሽ ቀንሺው፣ አሁንም ቀንሺው” ይለኝ ጀመር።